ለሁለት የተካፈለ ክኒን

የክኒን ማሸጊያ ሲቀደድ የሚያሰማት ቀጭን ድምፅ ከጆሮዬ አትወጣልኝም። ትናንት ልጄ ለራስ ምታቷ አንዲት ፍሬ ስታወጣ ሰማኋትና መተማ ትዝ አለኝ፤ ሙቀቱ፣ የበረኪናው ሽታ፣ ከመስኮቱ ባሻገር ሰሊጥ ጭኖ የሚያልፈው የመኪና ጩኸት።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ መንፈቅ አልሞላኝም። ጠዋት ጠዋት በመተማ ሆስፒታል በረንዳ የጤና ትምህርት መስጠት የአዲስ ነርስ ዕጣ ነበርና ለእኔ ደረሰኝ። ምን ልበላችሁ፣ ስለ ወባ ስለፈልፍ ሬዲዮም አይስተካከለኝም ነበር! አድማጮቼ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። "ገባችሁ?" ስል ሁሉም "እሺ" ይሉኛል። ያ "እሺ" ለነጭ ጋወኔ የሚሰጥ አክብሮት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን ከጎጃም የመጣ ረዥም ሰው ወባ ተገኘበት፤ መድኃኒቱን ሰጠሁት። "ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። ቢሻልህም እንዳታቋርጥ" አልሁት። "እሺ እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ" ብሎ በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ሄደ።

ሳምንት ሳይቆይ በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ተመለሰ። አጠገቡ ታናሽ ወንድሙ ራሱን ስቶ ተኝቷል።

"አንተ ሰው፣ መድኃኒቱን ምን አደረግኸው?" ብዬ ጮህሁበት።

"ተካፈልነው" አለኝ።

ለካ ሁለቱም አብረው ነው የታመሙት። ሰሊጥ ደርሶ ካልታጨደ ይረግፋልና የእርሻው ወኪል "ሁለት ሰው አልለቅም" ብሏቸው ታላቅየው ብቻ መጥቶ ኖሯል። የወሰደውን እኩል ለሁለት አደረጉት። ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው የዳኑ መስሏቸው ወደ አጨዳው ተመለሱ።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲሉን ነው ያደግነው። እሱ እያቃሰተ እኔ እንዴት ብዬ ልዋጠው?" አለኝ። የአንድ ሰው መድኃኒት ለሁለት ከተከፈለ ሁለቱንም እንደማያድን ማን ነገረው? በእኔ ትምህርት ውስጥም አልነበረም።

ኃላፊያችን ጠና ያሉ ሲስተር ነበሩ። ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡና "እስቲ አንተ ንገረኝ ልጄ፣ ይኼን አዲሱን ክኒን እንዴት አድርገህ ትውጠዋለህ?" አሉት። እያቆራረጠ ነገራቸው። የሳተውን አረሙለትና እንደገና አስነገሩት።

"ወንድምህስ?"

"እሱ የራሱ አለው" አላቸው፣ በወንድሙ ክንድ ላይ የሚወርደውን ግሉኮስ እያየ።

እኔም እስከ ዛሬ በሽተኛ የማሰናብተው እንደዚያ ነው። "ቤትህ ሌላ የታመመ አለ?" ሳልል አንዲት ፍሬ ከእጄ አትወጣም። አንዳንዱ "ምን ነካት ይቺ ሴትዮ" ይለኛል፤ ይበል።

ታናሽየው ግን አልነቃም። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ። የእርሻ ጓደኞቹ መጥተው ቀበሩት፤ ታላቅየው መቆም አቅቶት ከአልጋው ላይ ነው የሸኘው።

የዚያን ዕለት ማታ ክኒኑን ይዤ ስሄድ አልወስድም የሚለኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። በመዳፉ ተቀበለኝና ባዶውን የወንድሙን አልጋ ብዙ አየው። ከዚያ በውኃ ዋጠው። ሳልጠይቀው አፉን ከፍቶ አሳየኝ።

"እዪ እታለም፣ ለማንም አላካፈልሁም።"