የቴስታው እህት

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን የቀበረችው በቅርቡ ነው። ሰፈሩም ስታዲየሙም የሚያውቀው «ቴስታው» በሚል ቅጽል ስሙ ነበር፤ ከማዕዘን የተሻማ ኳስ ሁሉ ግንባሩን ፈልጎ ይመጣ ነበርና። የመጨረሻ ዓመታቱን ግን ያሳለፈው እሷ ቤት፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በተዘረጋች አልጋ ላይ ነው። ቧንቧ ከፍቶ ይረሳል። ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እህቱ መሆኗ ይጠፋውና «ዳኛ! ጎትቶኝ እኮ ነው!» ብሎ ይጮህባታል።

«አይቻለሁ፤ ቢጫ ሰጥቼዋለሁ» ትለዋለች። ያኔ ይረጋጋል።

በዚያው ሰሞን የቡድኑ የቀድሞ አጥቂም ስላረፈ፣ ክለቡ ለሁለቱ መታሰቢያ አዘጋጀና ቤተሰብ ጠራ። ልብስ ሰፊዋን ከፊት አስቀመጧት። መድረኩ ላይ አንድ ኳስ በአበባ ተከቦ ተቀምጧል።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ማይክ ጨበጠ። «ቴስታው ራሱን ያልሰሰተልን ጀግና ነው! ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ በፋሻ ጠቅልለንለት፣ ተመልሶ ገብቶ ጎል አገባልን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። የዚያ ጨዋታ ቀን ማታ ወንድሟ የገዛ ቤቱ ጠፍቶት የጎረቤት በር ሲደበድብ ነው ያገኘችው። በማግስቱ ክለቡ ሄዳ «ትንሽ ይረፍ» ብላ ለምና ነበር። ያኔ የቡድን መሪ የነበረው ይኸው ሰውዬ ነው።

ብድግ አለች። «ደጅህ ቆሜ ስለምንህ ‹አታሞላቅቂው› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እናቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ እንረዳለን…»

«እናትህ አይደለሁም፤ እኩያህ ነኝ! ሐዘኔንማ ቤቴ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ይሄ ንዴት ነው!»

አንዱ ክንዷን ያዘ። መነጨቀችው። መድረኩ ላይ ወጥታ ኳሱን ከአበባው መሃል ላፍ አደረገችና በፕሬዚዳንቱ ፊት ደቀነችው። «ወንድሜ እኔን እስኪረሳ የገጨው ይሄን ነው! በል ግጨው! በግንባርህ! አንዴ ብቻ!»

ሰውዬው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ኳሱን እግሩ ሥር ወርውራለት ወጣች።

በሩ ላይ የአጥቂው ሚስት እየሮጠች ደረሰችባት። «ቆዪኝ እህቴ! የኔውም እኮ የልጆቹን ስም ረስቶ ነው የሞተው። እርጅና ነው አሉኝ።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃምሳ እንኳ አልደፈነም።»

ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች በሕይወት ያሉትን የቡድኑን ተጫዋቾች ቤት ለቤት ማንኳኳት ጀመሩ። አንዷ የተጫዋች ሚስት «የሙታን ስም አታጥፉ» ብላ በሩን ፊታቸው ላይ ጠረቀመችው። ፕሬዚዳንቱ በበኩሉ ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ደውሎ «እናትህን አደብ አስገዛ» አለው። ልጁ «ራስህ ንገራት» ብሎ ዘጋበት።

ከዚያ የቀድሞው ተከላካይ ቤት ደረሱ። በሩን የከፈተላቸው ራሱ ነው። በትሕትና እጅ ነሥቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ከኋላው የቆመችው ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሚስቱ ገባች። «ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ እንወስደዋለን» አለቻት።

«ክለቡ ቢሰማስ?» አለች ሚስትየዋ በሹክሹክታ።

«ይስማ! ለክለቡማ እኔ አለሁለት።»