ከበቡሽ እና ጎጆው የተዘረፈው ዓሣ

እህት ከበቡሽ ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች ሲሉኝ መጀመሪያ ስለ ጥምቀት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን እሷን የማያውቅ የለም። ዕድሜዋ አምሳ ሦስት ነው፤ ቬጋስ ዳር አሊያንቴ በሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። በአንድ ሺፍት አሥራ አራት ክፍል። እንዲህ ያለች ሴት ቅዳሜ ጠዋት የአየር ሲሊንደር አዝላ ውቅያኖስ ውስጥ ትገባለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በሆቴሉ ገንዳ ውስጥ አንድ እንግዳ ሲሰምጥ አየች። ሌሎች ደርሰው አወጡት፤ እሷ ግን ዋና ስለማትችል ፎጣ ታቅፋ ከመጮህ በቀር ምንም አላደረገችም። ይህ አንገበገባት። በሳምንቱ ሴንቴኒያል ሂልስ በሚባለው ሰፈር ዋና ለመማር ተመዘገበች፤ የተማረችው ከሕፃናት ጋር ተሰልፋ ነው። ዋናው ደግሞ መጥለቅን አስከተለ።

ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ፣ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ፣ በረሃውን አቋርጣ ወደ ካሊፎርኒያ ትነዳለች። የምትሄደው ሁልጊዜ ወደ አንዲት በድንጋይ የታጠረች ትንሽ ወሽመጥ ነው። ውሃው በበጋም ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም የላስቲክ ልብስ ያልለበሰ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ነፋስ ከመነሳቱ በፊት ካልገቡ ማዕበሉ አሸዋውን ይበጠብጠውና የራስን እጅ ማየት እንኳ ያስቸግራል። ጥሩ ቀን ከሆነ ግን አሥር ሜትር ርቆ ያለ ድንጋይ ጥርት ብሎ ይታያል። ኬልፕ የሚባለው የባሕር ተክል ዛፍ አክሎ ከወለሉ እስከ ላይ ይወዛወዛል፤ ሎብስተር የሚባሉት ቅርፊት ለባሾች ከስንጥቅ ውስጥ ረጅም አንቴናቸውን ያወጣሉ። ከበቡሽ የውሃውን ቅዝቃዜ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚታይና ያየችውን ፍጥረት ሁሉ በደብተር ትጽፋለች።

ከሁሉ የምትወደው ጋሪባልዲ የተባለውን ደማቅ ብርቱካንማ ዓሣ ነው። እዚያ አገር ይህን ዓሣ ሕግ ይጠብቀዋል። ወንዱ አንድ ድንጋይ ይመርጥና በአፉ እየለቀመ ያጸዳዋል፤ ቀይ የባሕር ሣር ብቻ ያስቀራል፤ ጎጆው ያ ነው። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ ትሄዳለች። እስኪፈለፈል የሚጠብቀው አባትየው ነው፤ ሰው ሲጠጋው እንኳ አይሸሽም፣ መጥቶ መነጽር ይገጫል።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ከበቡሽ ነርሲንግ ከምትማረው ልጇ ከሶሲ ጋር ሄደች። የዚያን ቀን የገቡት የጠላቂዎችን ዕቃ የሚሸጥ አንድ የዳይቪንግ ሱቅ ካዘጋጀው ቡድን ጋር ነበር። መሪያቸው ኮል የሚባል ወጣት ነው፤ ካሜራ የያዙ አራት እንግዶችም ነበሩ።

ሰባት ሜትር ያህል እንደወረዱ ኮል እግሩ ላይ ካሰረው ሰገባ ቢላዋ መዘዘ። አንድ እሾኻማ የባሕር ጃርት ከድንጋይ ነቅሎ ሰነጠቀው። ዓሦች ከየአቅጣጫው ጎረፉ። ብርቱካኑ ዓሣም ጎጆውን ትቶ ወደ ምግቡ መጣ፤ እንግዶቹ ከበው ቀረጹት። ኮል ሁለተኛ ጨመረ፣ ሦስተኛ ጨመረ።

ከበቡሽ ግን ጎጆውን ነበር የምታየው። ጠባቂው ዞር እንዳለ ትናንሽ ዓሦች ቀዩን ሣር ወረሩት። ሮጣ ለመከላከል ሞከረች፤ ውሃ ውስጥ የት ይሮጣል! የኮልን ክንድ ይዛ ቢላዋውን ወደ ታች ገፋችው። እሱ ሳቀ፤ የሳቁ አረፋ ከአፉ ሲወጣ አይታዋለች። አባትየው ሲመለስ ከእንቁላሉ የቀረ አልነበረም።

ባሕሩ ዳር እንደወጡ ሲሊንደሩን እንኳ ሳታወርድ ኮል ፊት ቆመች።

«ምን ማድረግህ ነው? የእንቁላል ጎጆ ነበር እኮ!»

«ተረጋጊ እንጂ፤ ዓሣ ነው።»

«ዓሣ መሆኑን ማን አጣው! ይህ ጥብቅ ቦታ ነው። ማስታወቂያው አንተ መኪናህን ፓርክ ያደረግህበት ጋ ተተክሏል።»

«ሰዎቹ ከቬጋስ ድረስ የመጡት ባዶ ውሃ ሊያዩ አይደለም። አንቺም የቬጋስ ሰው ነሽ፤ ሾው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ሾው ያዩ ሰዎች አበላሽተው የሚሄዱትን የማጸዳው እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ ያበላሸኸውን ግን ማን ያጸዳዋል?»

ሱቁ ጋ ስትደውል በነጻ ዳይቭ እንጋብዝሽ አሏት። «አፌን ሊያዘጉኝ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቀጥላ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሪፖርት አደረገች። መኮንኑ ማስረጃ ጠየቃት። በማግስቱ ሶሲ ስልኳን ይዛ እየጮኸች መጣች።

«ማሚ፣ ሉክ፣ እዪ! ራሳቸው ፖስት አድርገውታል!»

እውነትም የሱቁ ገጽ ላይ ቪዲዮው ተለጥፏል፤ ቢላዋው ይታያል፣ የኮል ፊት ይታያል፣ ከኋላ ጎጆው ሲዘረፍ ይታያል። ከበቡሽ ቀድታ ለመኮንኑ ላከችለት።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የሳቀባት ብዙ ነው። ፓስተር ዘገዬ ራሳቸው ከአምልኮ በኋላ ጠሯት፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

«እህት ከበቡሽ፣ ስለ ዓሣ ብለሽ የአንድን ወጣት እንጀራ መዝጋት ተገቢ ነው?»

«ፓስተር፣ ባለፈው እሑድ ፍጥረትን እንድንጠብቅ አደራ ተሰጥቶናል ብለው የሰበኩት እርስዎ አይደሉም? ወይስ ስብከቱ ሰኞ ላይ አይሠራም?»



መስከረም ላይ ለምስክርነት ስትጠራ መኪናዋ ተበላሽቶ ስለነበር የወሰድኳት እኔ ነኝ። ዳኛው ፊት ጎጆውን መጀመሪያ ያየችበትን ቀን ከደብተሯ አነበበች። ኮል ጥፋቱን አመነ፤ ተቀጣ፤ ለአንድ ዓመትም እዚያ ሰው እንዳይመራ ታገደ። ሱቁ ግን «የአንድ ሠራተኛ ስህተት ነው፤ እኛ አናውቅም» ብሎ ከነገሩ ወጣ። አናውቅም! ሦስት ሳምንት ሙሉ በገጻቸው ሲያስተዋውቁበት የነበረውን ቪዲዮ! ስንመለስ በረሃው መሀል ያለችው ባርስቶው ከተማ እስክንደርስ ሁለታችንም ስለ ሱቁ ስናማርር ነበር።

በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ ያው ሱቅ የብርቱካኑን ዓሣ ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ «ከድሮም ጀምሮ የባሕሩ ጠባቂዎች ነን» ብሎ ጻፈ። ሶሲ አይታ ከት ብላ ሳቀች። ከበቡሽ አልሳቀችም። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ በምሳ እረፍቷ፣ ደወለችላቸው።

«ጠባቂ ከሆናችሁ እሰየው፤ ጠብቁ» አለቻቸው። «‹ከድሮም ጀምሮ› የምትለዋን ግን አሁኑኑ አጥፏት። አለበለዚያ ቪዲዮውን ከሥሯ የምለጥፈው እኔ ነኝ።»

እረፍቷ ሳያልቅ አጠፏት።