ክንዴ ላይ የጠረጉት አልኮል

ሳልጠጣ ሰክረሃል ተብዬ ታሰርኩ። በደሌ ይኸው ነው።

ከዱመርሶ እሸት ቡና ጭኜ ወደ ዲላ ስመጣ ጪጩ ላይ መኪናዬ በጭቃው ተንሸራቶ የሰው አጥር ደረመሰ። ዝናብ መንገድ ላይ አሳድሮኝ ስለነበር ቡናው በየጆንያው ተብላልቶ ውሃው ልብሴን አርሶታል። እሸት ቡና ሲብላላ ጠጅ ጠጅ ነው የሚለው።

ትራፊኩ አፍንጫውን ያዘ። «ሰውዬ፣ ጋን ውስጥ ነው እንዴ ያደርከው?»

«እስላም ነኝ፤ አልቀምስም።»

«እሱን ደምህ ይንገረኝ።»

ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ድሬሰሩ ክንዴን በእርጥብ ጥጥ ጠርጎ ደም ቀዳኝ። ደሜ አዲስ አበባ ደርሶ «አልኮል አለበት» ተብሎ መጣ። ዓመት ተኩል ፈረዱብኝ፤ መንጃ ፈቃዴንም ነጠቁኝ። አማቴ ከነሱ ባሰ። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ማጠቢያ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። «ልጄን ለሰካራም አልዳርኩም» ብሎ ሚስቴን ወደ ቤቱ መለሳት። ይግባኝ አልኩ፤ ግን ምን ብዬ ልከራከር? ከእኔ አፍ ይልቅ የሚያምኑት ደሜን ነው።

እስር ቤት መሠረተ ትምህርት ገባሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ ሀ ብዬ ጀመርኩ። አንድ ቀን ታምሜ መርፌ ልወጋ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ክንዴን በጥጥ ሲጠርገኝ ያው ቅዝቃዜ፣ ያው ሽታ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። እየጎተትኩ አነበብኩት፦ አ፣ ል፣ ኮ፣ ል።

«ሁሌም በዚህ ነው የምትጠርጉት?»

«በምን አማረህ፣ በሽቶ?» አለኝ።

ይግባኙ ሲሰማ ይህንኑ ተናገርኩ። ዳኞቹ ድሬሰሩን አስጠርተው በምን እንደጠረገኝ ጠየቁት።

«እንደ ደንቡ፣ በአልኮል ነዋ!» አለ ኮራ ብሎ።

ችሎቱ ሳቀ። እኔን በቁንጫ አስበልተው እነሱ ይስቃሉ! ዳኞቹ በእንዲህ ያለ ደም ሰው አይቀጣም ብለው ለቀቁኝ፤ መንጃ ፈቃዴም ተመለሰ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም።

በቀጥታ አማቴ ደጅ ሄድኩ።

«ደምህ ውስጥ ተገኘ አላሉም?» አለኝ፣ ግባ እንኳ ሳይለኝ።

«ክንዴ ላይ ነው፤ ራሳቸው ቀብተውኝ።»

«የልብስህስ ሽታ?»

«አባባ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ቡና ሲያጥቡ ኖረው፣ ያንን ሽታ እርስዎ አጡት?»

መሬት መሬቱን አየና ወደ ጓዳ ዞሮ «ልጄ፣ ልብስሽን ሰብስቢ» አለ።

ለእኔ ነገሩ ያለቀው ችሎት ፊት አይደለም። ያን ቀን አማቴ ደጅ ላይ ነው፤ መጋቢት 19 ቀን 1975 ዓ.ም.።