ክፋት የሚሸተው ፈረሰኛ

በደርግ ጊዜ፣ ሆሳዕና አስተማሪ ሳለሁ፣ የሰው ክፋት ከሩቅ የሚሸተኝ ጻድቅ ፈረሰኛ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው ታዲያ። በሌላው ቀን የጋሪ ፈረስ ቢያስነጥስ ቦይ ውስጥ የምዘል ሰው ነኝ።

ነገሩ ጨዋታ ነው። ሕንዳዊው የሒሳብ አስተማሪያችን ውሉ አልቆ ሲሄድ አንድ ካርቶን ትቶልን ነበር፤ ውስጡ የእንግሊዝኛ መመሪያና እንደ ሉዶ የሚጣሉ፣ ብዙ ጎን ያላቸው ጠጠሮች። አንዱ ተረቱን ይመራል። የቀሩት ተረቱ ውስጥ ሰው ሆነው ገብተው የሚያደርጉትን በአፋቸው ይናገራሉ፤ መሳካቱን ጠጠሩ ይወስናል። ተረቱን የሚመራው የጂኦግራፊ አስተማሪው ነበር፤ የነጋዴ ልጅ፣ ቀልደኛ። ተጫዋቾቹ እኔና የቤት አያያዝ አስተማሪዋ ነን። እሷ የዶዮገና ልጅ ናት። ሌባ ሆነች፤ በጨዋታው ማለቴ ነው። የምንጫወተው በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ነው። በዚያ ዘመን በር ዘግቶ መሰብሰብ ወይ ጸሎት ነው ወይ አድማ፤ ሁለቱም ያሳስራል።

መመሪያው እያንዳንዱ ሰው ደግ ይሁን ክፉ፣ ሕግ ያክብር አያክብር አስቀድሞ ይወሰን ይላል። ይህን በአማርኛ ምን እንበለው? ሦስታችንም በአንድ አፍ "አቋም!" አልን። ምን እናድርግ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስንጠየቅ የምንውለው አቋማችንን ነው። የእኔ ፈረሰኛ ደግሞ ክፉን የመለየት ኃይል ነበረው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ካተኮረ የማንም ክፋት አያመልጠውም። አባቴ ቢሰሙ "መናፍስትን የመለየት ጸጋ በጠጠር ተጫወትክበት" ብለው በከዘራ ባሉኝ ነበር።

መመሪያው ክፉ ሲገኝ ሰይፍ ይመዘዝ ነው የሚለው። እኛ ግን ክፉ በተገኘ ቁጥር ስብሰባ ጠራን። ሽፍታው ቆሞ ሂስ ተቀበለ። ዘንዶው እንኳ "የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ነበረብኝ" ብሎ ግለ ሂስ አድርጎ በማስጠንቀቂያ ታለፈ።

"ኧረ በአላህ!" ይላል የጂኦግራፊ አስተማሪው ራሱን ይዞ። "ዘንዶ እኮ ነው! ግደሉትና እንሂድ!"

እኔን ግን ኃይሉ ጣመኝ። ተረቱ ውስጥ ያለውን ዘበኛ፣ ባለ ጠጁን፣ ውኃ የምትቀዳዋን አሮጊት ሳይቀር "ክፉ ናት ወይ?" እያልኩ አስቸገርኩ።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። የቤት አያያዝ አስተማሪዋን ልጅ ወድጃት ነበር፤ ላገባት ፈለግኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘመድ ሄዶ ያጣራል፤ ዘሩን፣ በሽታውን፣ ጠባዩን። ማጣራቱ ነውር የለውም፤ ነውሩ መታወቁ ነው። እኔም ሁለት አጎቶቼን በምስጢር ወደ ዶዮገና ላክኩ። የእኔ አጎቶች ምስጢር! በገበያ ቀን፣ መሐል ገበያ፣ ቆጮ ሻጮቹን አንድ በአንድ እየዞሩ ጠየቁ። ከሻጮቹ አንዷ የልጅቷ አክስት መሆኗን ማን ይወቅ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንጫወት ዋሻ ውስጥ ገባን። ሌባዋ የሆነ ነገር የደበቀች መሰለኝና "ክፉ መሆኗን ልይ" አልኩ።

የጂኦግራፊ አስተማሪው ጠጠሩን ያዝ አደረገ። "ያ ኃይል እኮ አሁን ሊጎዳህ ያሰበውን ብቻ ነው የሚያሳይህ" አለ። "ዘር አያጣራም።"

እሷ ቀና አለች። "አጎቶችህስ ዶዮገና ምን አገኙ?"

"የ... የምን አጎቶች?"

"የገዛ አክስቴን ነው የጠየቋቸው። የሚጥል በሽታ አለባት ወይ ብለው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንግዲህ የለመድኩትን አደረግኩ፤ ብድግ ብዬ ግለ ሂስ ጀመርኩ። "በኋላ ቀር ባህል ተጽዕኖ ሥር በመውደቄ..."

"ተቀመጥ!" አለችኝ። "እኔ ለአባቴ፣ ከሌሞ፣ ከእናንተ ወገን፣ ሽማግሌ ከመጣ እሺ በሉ ብዬ ነበር። ስለ አንተ አንድም ሰው አልጠየቅኩም።"

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

እንዲያም ሆኖ ሽማግሌ ላክኩ። አባቷ "እኛም ስለ ልጁ እናጣራ" ብለው መለሷቸው። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ሌላ ክረምት ገባ፤ ማጣራቱ አላለቀም። ለካ የምታጣራው ራሷ ናት። ጎረቤቶቼን ጠየቀች፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቀች፣ በርበሬ የምትሸጥልኝን ሴትዮ ሳትቀር ጠየቀች። በስብሰባ ላይም ከኋላ ተቀምጣ ታየኛለች። እኔ ጨዋ ለመምሰል እጅግ ከመድከሜ የተነሣ ለጋሪ ፈረስ ሳይቀር ሰላምታ መስጠት ጀምሬ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ስወጣ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ጨረስኩ" አለች።

"እሺ፣ ክፉ ነኝ?" አልኩ፤ ለመሳቅ ሞከርኩ።

"አይደለህም። ፈሪ ነህ። ባለፈው ስብሰባ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አድኃሪ ተብሎ ከሥራ ይባረር ሲባል፣ ሁሉም እጁን ሲያወጣ አንተም አወጣህ። ከዚያ በጓሮ ዞረህ ለልጆቹ ዱቄት ወሰድክ።"

ዱቄቱን ማንም ያየ አልመሰለኝም ነበር፤ እጄን ግን ሁሉም አይቷል።

"ለብቻህ ብተውህ አላምንህም፤ እጅህን የሚይዝ ሰው ያስፈልግሃል" አለች። "ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ።"