ብሎጌን ለመርማሪው ስተረጉም

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጽሑፍሽ አያልቅም እንዴ?» አለኝ መርማሪው።

ጠረጴዛው ላይ ብሎጌ በወረቀት ታትሞ ተቀምጧል። አርባ አንድ ገጽ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቶ ጣል አድርጎበታል፤ እዚያ ለመድረስ ሁለት ቀን እንደፈጀበት በኋላ ነግሮኛል። ዱላ ጠብቄ ነበር የገባሁት። አስተያየት አልጠበቅኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጽሑፌ ፊት ለፊት አስተያየት የሰጠኝ ሰው ስላልነበረ፣ እውነቱን ለመናገር ከፋኝ።

አሁን ብሎግ ልክፈት የሚሉ ልጆች ምክር ይጠይቁኛል። የማውቀውን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ አሥረኛ ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ፣ ቤት ቁጭ በይ ሲሉኝ መንገድ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። አብዛኛውን የተማርኩት እዚያ ጣቢያ ውስጥ፣ በአራት ቀን ነው።

ከተማችን ከአምቦ ወዲህ መንገድ ዳር ናት። ስሟን አልጽፍም፤ የሕዝብ ሽንት ቤቷ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚያውቅ ያውቃታል። ያሳሰረኝም እሱ ሽንት ቤት ነው። ሪባን ተቆርጦለት፣ ንግግር ተደርጎለት፣ ተጨብጭቦለት ተመረቀ። በማግስቱ ተቆለፈ። ለወራት እንደ ሙሽራ ነጭ ሆኖ ቆመ፤ ሰው ግን ከጀርባው ይጠቀም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ምስጢሩን ነገረችኝ። ቁልፉ አንድ ኃላፊ ቢሮ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሌላ እንግዳ ለጉብኝት እስኪመጣ ቤቱ እንዳይቆሽሽ ተብሎ። ጻፍኩት።

ያኔ ከተማችን ኢንተርኔት ስላልነበረ ለመለጠፍ አምቦ እሄድ ነበር። የያዙኝም አምቦ፣ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። ጽሑፉ ከወጣ ሳምንት አልፎታል፤ እኔ የሽንት ቤቱን በር ፎቶ ልጨምርበት ተመልሼ ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ተነሺ አለኝ አንደኛው። ፎቶው እየገባ ነው አልኩት። ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየና ስንት ቀረው አለኝ። ግማሽ። ከጓደኛው ጋር በአይን ተነጋገሩ። ካልወጣ ማስረጃ አይሆንም ብለው መሰለኝ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ሦስታችንም አብረን ተነፈስን። ፎቶው ገባ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። ፎቶ አሳንሳችሁ ጫኑ የምለው ለዚህ ነው። ያ ፎቶ ትንሽ ቢሆን ኖሮ እነሱ ሲደርሱ እኔ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ።

ወደ ከተማችን መልሰው የሴቶች ክፍል አስገቡኝ። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ነው፤ ከወገብ በላይ ቀለሙ አልቆባቸዋል። አንድ ፍራሽ፣ አንድ የውሃ ጀሪካን፣ ከጣሪያው ሥር እጅ የማታሳልፍ መስኮት። እርጥብ ሲሚንቶና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። ሲሚንቶው የክፍሉ ነው። ድንቹ ፍራሹ ላይ የተቀመጠች የአንዲት የጊንጪ ሴትዮ ነበር። ጊንጪ የሚቆሙ አውቶቡሶች መስኮት ሥር ድንች የምትሸጥ፣ አርባዎቹን ያለፈች፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ተጣልታ፣ ጠቡ ሳያልቅ አውቶቡሱ ሲነሳባት፣ ለመጨረስ ተሳፈረች። ጠቡ እኛ ከተማ ደረሰና አወረዷት።

በኦሮምኛ ለታላቅ ሴት እንደሚባለው አዴ እላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ኢንተላ ትለኛለች፣ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። በምን ገባሽ አለችኝ። በጽሑፍ አልኳት። እስቲ ንገሪኝ አለች። ከርዕሱ ጀመርኩ። ርዕሱ «ከአንድ በር ፊት ቆሜ ስለ እድገት ያሰብኳቸው ሐሳቦች፣ ክፍል አንድ» የሚል ነበር። አንደኛውን አንቀጽ በቃሌ ስወጣላት ዓይኗ ተከደነ። ስጨርስ ነቃች።

«ኢንተላ፣ አውቶቡሱ ሄዷል» አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። አውቶቡስ ጊንጪ የሚቆመው ትንፋሽ እስክትይዢ ነው። ከየት እንደመጣሽ፣ ድንቹን ማን እንደዘራው፣ ጠዋት ምን እንዳሰብሽ ለተሳፋሪው ብትነግሪው ሹፌሩ ማርሽ ያስገባል። ድንች፣ ትኩስ፣ በሚጥሚጣ፤ በቃ። ዳገት እየወጡ የሚያስቡትን እነሱ ያስቡት። «አንቺም ሽንት ቤቱ ተቆልፏል በያ» አለች። ሁለት ዓመት የጻፍኩትን ብሎግ በድንች ለካችው። ልከራከራት ፈልጌ ነበር፣ ግን ጥፋቷን ላገኘው አልቻልኩም።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ምናልባት በአራት በአምስት ዓመት ቢበልጠኝ። በመጀመሪያው ቀን አንቱ አልኩት፣ በሁለተኛው ቀን አንተ ሆነ፣ እሱም ልብ አላለውም። ያደገው ገጠር ነው፣ የተማረው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦሮምኛ ነው። አማርኛ ይናገራል፤ ፊደሉን ግን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ነው የሚያነሳው። እኔም እቤት ኦሮምኛ፣ መንገድ ላይ አማርኛ ነኝና ስንነጋገር አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለቱንም እንቀላቅል ነበር።

በመጀመሪያ የጠየቀኝ የአንባቢዎቼን ብዛት ነው። ብልህ ሰው ማንም አያነበኝም ይላል። «ማንም» ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

«ብዙ ናቸው» አልኩት።

«ብዙ» ብሎ ጻፈ።

የብሎጌ ቆጣሪ እኔንም በከፈትኩ ቁጥር እንደሚቆጥረኝ ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። እውነተኛው መልስ «ማንም» ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ክፍል ሁለት የት እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ክፍል አንድ ካለ ክፍል ሁለት አለ አለ። ልጽፈው አስቤ ነበር፣ ሳልጽፈው ቀረሁ አልኩት። ለምን አለ። ሰነፍኩ አልኩት። አላመነኝም። ግማሽ ቀን ሙሉ ያልጻፍኩትን ጽሑፍ የት እንደደበቅኩ ተጠየቅኩ። ርዕሱን ንገሪኝና እናቁመው ሲለኝ አንድ ርዕስ ፈጠርኩለት። ሁለተኛው ሳይጻፍ ክፍል አንድ ብለው የሚለጥፉ ሰዎችን ሳይ እስከ ዛሬ እፈራላቸዋለሁ።

እነዚህ ሁሉ ግን ዙሪያውን መሄድ ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ስለ ቁልፉ ማን እንደነገረኝ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይጠይቃል፣ እስክሪብቶውን ያዞራል፣ እንደገና ይጠይቃል። ወንድ ነው ሴት? ከውስጥ ነው ከውጭ? ሕዝቡ ያወራል አልኩት። ሕዝቡ ቁም ሳጥን አይከፍትም አለኝ። እሱ ላይ ልክ ነበር።

የነገረችኝ የዚያ ኃላፊ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ኮንትራቷ በየሦስት ወሩ ነው የሚታደሰው፤ የሟች እህቷን ልጆች ታሳድጋለች። የነገረችኝ መወልወያውን እየጨመቀች ነው፤ እኔ እዚያ ቢሮ መታወቂያዬን ልጠይቅ ሄጄ ስመላለስ። አደራ እንኳን አላለችኝም። የማልናገር መስሏት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ብዬ ጽሑፌን በሐሳቤ ስገልጠው፣ አንድ ቦታ ላይ ደርሼ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ስሟን አልጻፍኩም። ሥራዋን አልጻፍኩም። ግን እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፤ «ይህን የነገረኝ ሰው እጁ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር፤ ከቆሻሻ ጋር የሚውል እጅ አይዋሽም።» ከአርባ አንዱ ገጽ ሁሉ የምኮራበት እሱን ነበር። ስጽፈው ተነስቼ ቤቱን ዞሬያለሁ። እዚያ መሥሪያ ቤት እጁ በረኪና የሚሸት ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ለጊንጪዋ ሴትዮ ነገርኳት። ይህን ጊዜ ድንችም አውቶቡስም አላነሳችም። ያ ኢንተርኔት የምትይው ከዚህ ሆኖ አይጠፋም ወይ አለችኝ። አምቦ ካልሄድኩ አይጠፋም አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ማንበቡን ተወው። ፋይሉ የሚዘጋጀው በኦሮምኛ ስለሆነ ጽሑፉ መተርጎም ነበረበት፤ ተርጓሚ ደግሞ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔው አማርኛዬን እያየሁ በኦሮምኛ እንድናገር፣ ሳጅኗ እንድትተይብ ተወሰነ። ሳጅኗ መነጽር ያላት፣ ብዙ የማትናገር፣ ከተማችን ተወልዳ ያደገች ትልቅ ሴት ናት፤ ሁለቱንም ቋንቋ አንብባ ትጨርሳለች። ሌላ ቅጂ አጠገቧ ዘርግታ፣ እያንዳንዱን መስመር በማስመሪያ እየተከተለች ልታመሳክር ተቀመጠች።

ጀመርን። ጽሑፋችሁን ማረም ከፈለጋችሁ ለፖሊስ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዚያ የተሻለ መንገድ አላየሁም። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ፀሐይዋ በወርቅ ጣቶቿ የከተማዋን ጉንጭ ትዳብስ ነበር።

ሳጅኗ መተየቧን አቁማ አየችኝ። «ፀሐይ ጣት አላት ብዬ ልጻፍ?»

«ይታለፍ» አልኳት።

መርማሪው አይታለፍም አለ። አንድ ቃል እንዳይቀር፤ የሚቀረውን የሚወስነው እሱ ነው። የሆነ መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ በኦሮምኛ ጣት ያላት ፀሐይ አለች። አራት ገጽ ስንሄድ ማዛጋት ጀመረ፤ ስምንተኛው ላይ ሽንት ቤቱ መቼ ነው የሚመጣው አለኝ። ቀጥሎ አልኩት፤ አልነበረም። አሥራ አንደኛው ላይ ስለ ልጅነቴ ሦስት አንቀጽ ነበር። በኦሮምኛ ስለው ለራሴ እንኳን አልጣመኝም። እናቴ ብትሰማ ምን ሆነሽ ነው የምትለኝ።

ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረስን። ዓረፍተ ነገሬ ከሩቅ ታየኝ። ቁልፉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል የሚለውን ተረጎምኩ። ቀጥሎ እጁ በረኪና የሚለው ነው። ድምፄን ሳልቀይር ዘለልኩትና እንግዶቹ ሲመጡ በሩ እንደሚከፈት ወደሚለው ተሻገርኩ።

የሳጅኗ ጣቶች ቆሙ።

ማስመሪያዋ በትክክል ከዓረፍተ ነገሩ ሥር ነበር። አነበበችው። ደግማ አነበበችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። መርማሪው ማዛጋቱን ትቶ ቀና አለ፣ ምን ሆነ አላት።

«ኪቦርዱ ነው። አንዷ ቁልፍ ትይዛለች» አለች። ማስመሪያዋን ወደ ታች ሁለት መስመር አወረደች። «ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። የቀሩትን ሃያ ሁለት ገጾች እንዴት እንደተረጎምኩ አላስታውስም። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ውሃ የሰጠኝ መርማሪው ነው። ሲያልቅ ሳጅኗ ከአማርኛው ጋር ይመሳሰላል በሚለው ላይ መፈረም ነበረባት። መነጽሯን አውልቃ ጠራረገች፣ መልሳ አደረገች፣ ፈረመች።

«የነገራትን ሰው የትም ቦታ አላነሳችም?» አላት መርማሪው።

«አርባ አንዱንም ገጽ ተይቤያለሁ» አለችው። «የለም።»

ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄደ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ክስ ሳይመሠረትበት ተመለሰ። መርማሪው ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከቀረበ ዳኛው ቁልፉን አምጡ ይላሉ፣ ቁልፉ ከመጣ ሽንት ቤቱ ይከፈታል ተብሎ ነው። ማስጠንቀቂያ አስፈርሞኝ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና በኦሮምኛ፣ የእንግዶቹ አመጣጥ ያለበት ቦታ ላይ ስቄያለሁ፣ ከዚያ መጀመር ነበረብሽ አለኝ።

ጊንጪዋ ሴትዮ ከኔ ቀድማ ወጥታ ነበር። እቃዬን የመለሰችልኝ ሳጅኗ ናት፤ ሻርፔን፣ የጫማዬን ማሰሪያ፣ ሞባይሌን። ከዚያ በአማርኛ የታተሙትን ወረቀቶች፣ ሁለቱንም ቅጂ፣ በእንዝርት ክር አስራ ጠረጴዛው ላይ አደረገችልኝ። ፋይሉ የሚቀበለው የሥራ ቋንቋውን ብቻ ነው፣ አማርኛው የባለቤቱ ነው አለች፤ ተረክቤያለሁ ብዬ ፈረምኩ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«በጣም ያምር ነበር» አለችኝ። «አጥፊው።»

እሺ እትዬ አልኳት። የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር አልቆምኩም፤ በእጄ ይዤው፣ ወረቀቱን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ፣ የሚኒባስ ረዳት «አምቦ፣ አንድ ሰው፣ አምቦ» እያለ ነበር። ሮጥኩና ገባሁ።