ምስጋናው ለአላህ፣ ሕመሙ ለሲስተር

ሲስተር ብዙነሽ የሮቢት ከተማ ልጅ ናት፤ ሰውነቷ ደቃቃ፣ ምላሷ ግን ስለት። መንገድ ዳር ባለው ሆስፒታል፣ ተኝተው የሚታከሙትን ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅሳቸው እሷ ናት። "ተነሱ እንጂ፣ ዶሮው እንኳ ጮኾ ደከመው!" እያለች ነው የምትገባው። ሥራዋን ትወዳለች። የሚያበሳጫት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕመሙን የሚደብቅ ሕመምተኛ።

በዚህ በኩል የዋጃውን ጋሽ እንድሪስን የሚያህል አልገጠማትም። ጋሽ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ከግመል ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። ማሽላ የጫነች ግመላቸው ከተንበረከከችበት ስትነሳ ገፍታ ጣለቻቸውና ቅልጥማቸው ተሰበረ። ቢሆንም ስለ እሷ ክፉ ቃል አይወጣቸውም። "ገመዱን ያጠበቅሁባት እኔ፣ እሷ ምን ታርግ?" ይላሉ።

እግራቸው በጄሶ ታሰረ። በማግስቱ ዶክተሩ መጣና "እንዴት አደሩ አባት?" አላቸው።

"አልሐምዱሊላህ!"

"ሕመሙስ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለኝ!"

ዶክተሩ ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ምን ያድርግ? ባለቤቱ ደህና ነኝ ካለ ሌላው ምን አግብቶት!

ብዙነሽ ግን ግንባራቸው ላይ ችፍ ያለውን ላብ አየች። ከዋጃ የመጣው ጠያቂ አልጋውን ከቦ "አላህ ያሽርዎ" ሲል ይስቃሉ፣ ያስቃሉ፤ ዞር ሲል ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ሚስታቸውን ወይዘሮ ዚነትን ለብቻ ጠርታ "እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያማቸዋል?" ብትላቸው፣ "ኧረ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ" አሏት። ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ የተቀዱ!

ነገሩ ገባት። የራሷም እናት "እግዚአብሔር ይመስገን" ሳይሉ ራሴን አመመኝ ብለው አያውቁም። በዚህ አገር ሕመምን መዘርዘር ፈጣሪን እንደማማረር ነው። ጨዋነቱ ደግ ነበር፤ ግን ጄሶ ውስጥ ያበጠ እግር ደም ካጣ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ብዙነሽን ያስፈራት ይኸው ነው።

ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሽ እንድሪስ፣ እስቲ ስለ ግመል ያስተምሩኝ። ግመል ሲያማት በምን ያውቃሉ? አትናገርም።"

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። "ባትናገርስ ልጄ! ገመድ ከጠበቀባት ዓይኗ ይነግርሻል። ጠጋ ብለሽ እግሯን ትዳብሻለሽ። ከቀዘቀዘ ወሏሂ ደግ አይደለም፤ ፈጥኖ መፍታት ነው።"

"እንግዲያው ፈቃድዎ ይሁንና እኔም ልዳብስ" አለችና አንሶላውን ገለጠች። ጣቶቻቸው አብጠው ጠቁረዋል። ስትነካቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዟት።

"ይሄ የግመል እግር ቢሆንስ?"

ጋሽ እንድሪስ ጣቶቻቸውን አዩ። "የግመል ቢሆንማ ትናንት ፈትቼላት ነበር" አሉ።

"አላህን አመስግነዋል፣ እሱም ሰምቷል። አሁን ደግሞ ለእኔ ይንገሩኝ። እኔ እንደ እሱ የልብ አላውቅም።"

"ልጄ፣ እሳት ውስጥ ነው ያደርሁት" አሉ፤ እንባቸውም መጣ። ወይዘሮ ዚነት ደረታቸውን መትተው "ምነው ለእኔ እንኳ!" አሉ።

ብዙነሽ ሮጣ ዶክተሩን ጠራች፤ ጄሶው ወዲያው ተሰንጥቆ ተፈታ። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ሞቁ፣ መልካቸውም ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ አመል አወጣ። ሲስተር ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ምስጋናው ይደርሳል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየራሱ። ቀጥላ "ለእኔስ?" ስትል ሕመሙ ይዘረገፋል። አንዳንዱማ የአጎራባች አልጋውንም ሕመም ጨምሮ ይነግራታል! ዶክተሩም ሳይቀር "ለእኔስ?" ማለት ለመደ።

ጋሽ እንድሪስ ድነው፣ በምርኩዝ እየተራመዱ፣ የግመል ወተት ይዘውላት ከዋጃ መጡ። ብዙነሽን ጉንጯ አብጦ አገኟት፤ ጥርሷን አሟት ሰንብቷል።

"እንዴት ነሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ቆሙ።

"እሱስ ሰምቷል" አሏት። "ለእኔስ?"

ብዙነሽ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ጉንጯን ይዛ "ገደለኝ፣ ጋሽ እንድሪስ!" አለች።