ከእድሩ የወጣው ቤት

ይመኙሽን የቀሃ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃታል። የተማሪ ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ አልፎ አልፎም የካህናት ቀሚስ የሚሰፋው በእሷ እጅ ነው። ከፒያሳ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የስፌት ማኪናዋን ተክላ ዐሥራ አራት ዓመት ኖራባታለች። ቀስ ብላ የምትሠራ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቀን ሰጥታ ቀኗን አትስትም።

ባሏ በላቸው የውኃ ጉድጓድ በሚቆፍር ድርጅት ውስጥ መካኒክ ነው። ደህና ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ እጁን አያነሣም፣ ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ ቤቱ ይገባል። ይህ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ክፉ ሰው የሠራው ክፉ ነገር ማንንም አያስገርምምና።

ሃና የምትባል ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አለቻቸው። የይመኙሽ እናት እማማ ሽታዬም አብረዋቸው ይኖራሉ። እማማ ሽታዬ የዳባት ደጋ ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ወደ ጎንደር ልትወስዳቸው ብትመጣ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"እድር አለሽ?"

"አለኝ፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ሸጋ ነው" ብለው ተነሡ። ብርዱንም ረኃቡንም ያውቁታል፤ አይፈሩትም። የሚፈሩት በሰው አገር ሞተው የሚሸከማቸው ማጣትን ነው።

ባለፈው ጥር ድርጅቱ የጎንደር ቅርንጫፉን ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። ሠራተኛው ወይ ባሕር ዳር ወይ አዳማ ይሄዳል፤ ምርጫው የራሱ ነው ተባለ። በላቸው ወሬውን ይዞ የገባ ዕለት "ሁላችንም ተመካክረን እንወስናለን" አለ። ይመኙሽ ይህን ቃል ወደደችው። ብዙ ባሎች ጓዛችሁን ጠቅልሉ ብቻ ነው የሚሉት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወሬያቸው ይኸው ሆነ። ሃና ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገንጥላ መሃል ለመሃል አሰመረችና በአንዱ ወገን ባሕር ዳርን፣ በሌላው አዳማን ጻፈች። ባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ዳባት ልቅሶ ቢኖር ይደረሳል፤ የለመዷት ደንበኞችም ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ብቅ ይሉላታል። አዳማ ሩቅ ነው፣ ይሞቃል፣ የሚያውቁት ሰው የለም። ነገር ግን የአዳማው ሥራ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የባሕር ዳሩ ከቁፋሮው ማኪና ጋር በየገጠሩ መዞር ነው። ሃና አዳማ ባቡር አለ ሲሏት ልቧ ወደዚያ አደላ። እማማ ሽታዬ ባቡሩን ምን ልታደርጊው ነው ቢሏት፣ ላየው ነው አለች። ይመኙሽ ግን ልቧ ባሕር ዳር ነበር፤ አልደበቀችውም። በላቸው ሁሉንም ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

ሰኔ ላይ እንዲያውም እሱ ራሱ፣ እስቲ ሄደሽ ቤት አይተሽ ነይ አላት። መንገዱ ደህና የነበረ ሳምንት ነው። ይመኙሽ ማለዳ ተሳፍራ፣ እንፍራንዝን አልፋ፣ ወረታ ላይ ሻይ ጠጥታ ባሕር ዳር ገባች። ሦስት ቤት አየች። ሦስተኛው ግቢው ውስጥ የዘይቱን ዛፍ አለው፤ ደረጃ የማይወጣባት፣ ለእናቷ የምትሆን ክፍልም አለችው። ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ የመስኮቶቹን ወርድና ቁመት ለካች። ተመልሳ ስትነግረው በላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ውኃው በስንት ቀን ነው የሚመጣው ብሎም ጠየቃት።

በዚያው ሰሞን አንድ ያልገባት ነገር ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ቀዘቀዙባት። ጎረቤቷ ወለተ ሚካኤል ለልጇ ምርቃት በርበሬ ስታስቀነጥስ ሴቱን ሁሉ ጠርታ እሷን ተወቻት። ሰላምታቸውም ከአንገት በላይ ሆነ። ይመኙሽ ምናልባት የሰፋሁት ልብስ ጠቧቸው ይሆን ብላ እስከ መጨነቅ ደረሰች።

ነሐሴ ገባ። አንድ ማለዳ በላቸው በረንዳ ላይ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ወገቡ ያዘው። እንዳጎነበሰ ቀረ። ያየው ሰው እንዳለ አላወቀም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቀና አለና ማሰሪያውን ሳያስር ሄደ። ይመኙሽ ከመስኮት ሆና አየችው። ይህ ሰው ከእንግዲህ ማኪና ተከትሎ በየገጠሩ ቢዞር ስንት ዓመት ይቆማል አለች በልቧ። ያን ቀን ስፌቷ ላይ ተቀምጣ ስታስብ ውላ፣ ማታ አዳማ ይሁን ብላ ቆረጠች። ለእናቷ ነገረቻቸው።

እማማ ሽታዬ፣ "እዚያስ እድር አለ?" አሉ።

"እድር የሌለው አገር የለም፣ እማዬ።"

"እንግዲያው የባልሽን ወገብ አትርፊ። እኔ እከተልሻለሁ።"

በላቸው ያን ሳምንት ለሥራ ደንቢያ ነበር፤ ኮላ ድባ አጠገብ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ቅዳሜ ይመለሳል። እሑድ የሃና ወረቀት ሲወጣ ልትነግረው አሰበች። ደስ እንደሚለው ታውቃለች። ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰበች ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። አያ ስማቸው ዐርፈው ነበር፤ ከታች በኩል ያሉት ሽማግሌ ጎረቤት። ይመኙሽ ነጠላዋን አደግድጋ ሄደች፤ አለቀሰች፣ ቀበረች፣ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። እንደ ወጉ የእድሩ ጸሐፊ አያ ገብረ ኪዳን መዝገባቸውን ገልጠው የየቤቱን ስም መጥራት ጀመሩ። የተጠራ ቤት "አለን" ይላል። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከወለተ ሚካኤል ቤት ቀጥሎ የሚጠራው የበላቸው ቤት ነው። የወር መዋጮውን የሚያደርሰው እሱ ነው፤ በሰፈሩም ከሚያዝያ ወዲህ ሰው አልሞተም ነበር። ወለተ ሚካኤል አለን አለች። ይመኙሽ አፏን ከፈተች። አያ ገብረ ኪዳን ሌላ ስም ጠሩ።

ዘንግተው ነው አለች። ጥሪው ሲያልቅ ተነሥታ ሄደች።

"አያ ገብረ ኪዳን፣ የኛን ቤት ዘለሉት።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። "እናንተማ ወጥታችኋል፣ ልጄ።"

"ከየት?"

"ከእድሩ ነዋ። በላቸው በግንቦት መሸኛ ወስዷል፤ ለአዳማ እድር ተብሎ። ጽፌ የሰጠሁት እኔው ነኝ።"

ወለተ ሚካኤል አቀርቅራ ቆይታ ነበርና ቀና አለች።

"እኛኮ ሳትነግሪን ልትሄጂ መስሎን ነው ያዘንብሽ። ይህን ያህል ዘመን አብረን ቀብረን፣ ለስንብት እንኳ አልበቃናትም ብለን።"

"እኔ አላውቅም ነበር" አለች ይመኙሽ።

"እንዴት አታውቂም? ያንቺ ቤት አይደል?"

አንዷ ከኋላ፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲሉ ለካ እኛን ኖሯል አለች፤ ቀልዱ ግን የሚስቅለት አላገኘም።

ይመኙሽ ወደ ቤቷ አልሮጠችም። ከእድሩ የወጣች ብትሆንም እጅጌዋን ሰብስባ የድንኳኑን ሳሕን ከሴቶቹ ጋር አጠበች። እያጠበች ወሮቹን ቆጠረች። መሸኛው ግንቦት፤ ባሕር ዳር የሄደችው ሰኔ። እየቆጠረች ደጋግማ እዚያው ላይ ትደርሳለች። የመስኮቱን ቁመት ስትለካ ባሏ ከእድር ካወጣት ወር አልፏት ነበር።

ቤት ስትገባ በላቸው ደርሶ እግሩን ታጥቦ ተቀምጧል። ውጭ ይዘንባል። እማማ ሽታዬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ናቸው። ይመኙሽ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠየቀችው።

"መቼ ነው የፈረምከው?"

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። "ሚያዝያ" አለ። መሥሪያ ቤቱ አቻኮለን፣ የአዳማው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነበር እያለ ነገሩን አብራራ። የአዳማው እድር ቀድሞ መሸኛ ላመጣ ቶሎ ይቀበላል ስላሉት ነው የወሰደው፤ ለእነሱው ብሎ።

"ታዲያ ባሕር ዳር ምን አድርጊ ብለህ ላክኸኝ?"

በላቸው መሬት መሬት አየ። "እንዲወጣልሽ ብዬ። አይተሽው ስትመጪ አንድ ነገር አይጥምሽም፣ ትተዪዋለሽ ብዬ።"

"ሃናስ ታውቃለች?"

ሃና ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ጀመር። አባቷ የትምህርት ቤት ወረቀቷን ሊያስወጣ ይዟት የሄደ ቀን፣ ለእናትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብሏት ነበር።

ያን ጊዜ ይመኙሽ ተቀመጠች። ለእሑድ ያዘጋጀችውን ነገር በዚያው ነገረችው። ወገቡን እንዳየች፣ አዳማ ይሁን እንዳለች፣ እናቷም እሺ እንዳሉ። በላቸው ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ይኼ ነው ያሳዘናት።

"ታዲያ ምን ቀረ? ያው አንድ ቦታ አይደለም?"

"መጠየቁ ቀረ" አለች።

እማማ ሽታዬ አማቻቸውን በአንቱታ ነው የሚጠሩት፤ ያን ቀንም ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ አላለም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከግንቦት ወዲህ አንድ ሌሊት ዐርፌ ባድር፣ ማን ሊሸከመኝ አስበው ነበር?"

"አላሰብኩትም፣ እማማ" አለ። እውነቱን ነበር። የሰማችውን ውሸት ሁሉ የቻለችው ይመኙሽ ይህን እውነት መቻል አቃታት፤ ተነሥታ ወጣች።

እድሩ በተሰበሰበ ቀን ሄዳ፣ በስሜ ጻፉኝ አለች። የእድሩ ዳኛ ባል ያላት ሴት የምትገባው በባሏ ስም ነው ቢሉ ወለተ ሚካኤል ተነሥታ፣ "ባሏማ ወጥቷል፤ ደብዳቤውን ጸሐፊያችን ጽፈውታል" አለች። አያ ገብረ ኪዳን ሳያስቡት ሣቁ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ በወለተ ሚካኤል ዋስነት ጻፏት። ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው፤ አዲስ ገቢ ስድስት ወር ሳይሞላው እድሩ አይቀብርለትም። ይህን ለእናቷ እየፈራች ነገረቻቸው።

"እንግዲያው ስድስት ወር አልሞትም" አሉ እማማ ሽታዬ።

በላቸው ከመስቀል በኋላ ብቻውን ሄደ። አልተፋቱም፣ አልተሰዳደቡም። ልብሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠችለት። መናኸሪያ ላይ መቼ ትመጫለሽ ቢላት፣ እንጃ አለችው። እውነትም አታውቀውም።

ጥቅምት ላይ ደወለ። ወገቡ እየተሻለው ነው፤ ጋራዡ ጥላ ነው። ሁለት ቤት አግኝቻለሁ አላት። አንደኛው ለቤተ ክርስቲያን ይቀርባል፣ ለእማማ ይሻላል፤ ሁለተኛው ሰፋ ይላል፣ የስፌት ማኪናዋን መንገድ ዳር ማስቀመጥ ይቻላል። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

"የቱን ልያዝ? አንቺ ነሽ የምትመርጪው።"

"ፈርመሃል?" አለችው።

"አልፈረምኩም። እኔ ልሙት፣ አልፈረምኩም።"

ልታምነው ፈለገች። ዐሥራ አምስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ የባሏን ድምፅ ታውቃለች፣ እውነት ይመስላል። ግን በሰኔም፣ ውኃው በስንት ቀን ይመጣል ብሎ ሲጠይቃት፣ ድምፁ ይኸው ነበር።

"አስቤ እነግርሃለሁ" አለችና ስልኩን ዘጋች።